የከተማ ዳርቻው በር በራሱ አልተዘጋም

ሰሞኑን በፍጥነት ስለሚስፋፉ የከተማ ዳርቻ ሰፈሮች የተጻፈ አንድ ሐተታ ደጋግሜ አነበብኩ። ጸሐፊው ብዕራቸው የሰላ፣ ጉዳዩንም ከልባቸው የሚያስቡበት ሰው ናቸው። በዝምታ ማለፍ ያቃተኝም ለዚህ ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ወደ ዳርቻ የወጡ ሰዎች ለፍተውና ቆጥበው ጸጥታን ገዝተዋል፤ ማን ጎረቤታቸው እንደሚሆን የሚወስነው ገበያው ነው፤ አነስተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች በመካከላቸው ለማስፈር መሞከር የቤቶችን ዋጋ ይጥላል፣ ወንጀልም ያመጣል፤ ትምህርት ቤቱም ሆነ አውቶቡሱ ሰው ከሰፈረ በኋላ በጊዜው ይደርሳል፤ ለድሃው የሚበጀው ሥራና መጓጓዣ ያለበት መሐል ከተማ ነው፤ ስለ ሰፈሩ የመወሰን መብትም የነዋሪው ብቻ ነው። ማሳረጊያቸው ደግሞ መፍትሔው ብዙ ቤት መገንባት ብቻ ነው የሚል ነው።

ከእነዚህ መካከል የመጨረሻውን እስከ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄድበታለሁ። ስለ ነዋሪዎች መብት ከተናገሩትም የምቀበለው አለ። የቀሩት ግን አንድ የጋራ ስሕተት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ሰው በደንብ፣ በበጀትና በፊርማ የሠራውን ነገር በተፈጥሮ የመጣ አድርገው ያቀርቡታል። የዳርቻው በር ዘጊ ነበረው። የተዘጋበት ዓመትም፣ የተጻፈበት ወረቀትም፣ ወጪውን የከፈለው ካዝናም ይታወቃል። በሩ ይከፈት ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ምጽዋት እንደመለመን ሊቆጠር አይገባም።

በገበያው ልጀምር። ጸሐፊው ቤቱ የተወደደው ፈላጊው ስለበዛ ነው ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት አንድ ሄክታር፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሜትር መሬት እንውሰድ። የአካባቢው ደንብ አንድ ቤት ከ2,000 ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ እንዳይሠራ ከከለከለ፣ ለመንገድ የሚወጣውን ሳንቀንስ እንኳ በዚያ መሬት ላይ የሚቆሙት ቤቶች 5 ናቸው። ደንቡ 250 ካሬ ሜትር ቢፈቅድ 40 ይቆማሉ። የመሬቱ ዋጋ፣ የውሃ መስመሩ፣ የፍሳሽ ቱቦው፣ አስፋልቱና የመብራት ምሰሶው በመጀመሪያው ለ5፣ በሁለተኛው ለ40 ይካፈላል። በዚህ ላይ ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ይሁን፣ ከሁለት ፎቅ አይብለጥ፣ ከመንገዱ ይህን ያህል ይራቅ፣ የሁለት መኪና ማቆሚያ ይኑረው የሚሉ አንቀጾች ይደረቡበታል። አልሚው ተነሥቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ቤት ልሥራ ቢል ሕጉ አያሠራውም። ገዢው አለ፣ ሠሪው አለ፣ መሬቱም አለ፤ ሦስቱን የለያያቸው ደንቡ ነው። ደንቡ ስለማንም ገቢ አንድ መስመር አይጽፍም፤ ካሬ ሜትሩ ሥራውን ይሠራለታል።

ይህ አሠራር ከየት መጣ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1917 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሉዊቪል ከተማ ጥቁሮችና ነጮች በየትኛው ጎዳና ላይ ይኑሩ ብላ ያወጣችውን ደንብ ሻረ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ በክሊቭላንድ ዳርቻ ያለችው ዩክሊድ መሬቷን በአገልግሎት ዓይነት ከፋፍላ አፓርታማዎችን ከግል ቤቶች አካባቢ ያገደችበትን ደንብ ያው ፍርድ ቤት አጸደቀ። የፍርዱ ሐተታ አፓርታማን የሚገልጸው ሌሎች ባሳመሩት አካባቢ ላይ እንደሚጣበቅ ጥገኛ አድርጎ ነው። ሰውን በቆዳው ቀለም መከልከል ባልተቻለበት ቦታ ሁሉ በሚኖርበት የሕንፃ ዓይነት መከልከል ተቻለ ማለት ነው።

ገንዘቡም ተከተለ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ለአዳዲሶቹ የዳርቻ ቤቶች ብድር ዋስ ሲሆን የጥቁሮችን ሰፈሮች ለብድር አያስተማምኑም ብሎ ገፋቸው። ከ1947 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የተገነባችው ሌቪታውን ከ17,000 በላይ ቤቶች ነበሯት፤ በውሎቿ ውስጥ ነጭ ያልሆነ ሰው በቤቱ እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ ነበር። በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ዳርቻውን ከመሐል ከተማ ላገናኙት ታላላቅ መንገዶች ወጪ 90 በመቶውን ከፌዴራል ካዝና ሸፈነ። ያንን ካዝና ከሞሉት ግብር ከፋዮች መካከል በሌቪታውን ቤት መከራየት የተከለከሉትም ነበሩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 1968፣ የተፈረመው ሕግ በቤት ሽያጭና ኪራይ የሚደረገውን የዘር መድልዎ አገደ። የካሬ ሜትሩ ደንብ ግን በብዙ ቦታ እስከ ዛሬ ባለበት አለ።

ዳርቻው ላይ ያሉት ሰዎች ለፍተው ነው የገዙት የሚለውን የሚክድ የለም። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚከፍሉት ብድር አለባቸው፤ ለእነርሱ ቤቱ ጥሪታቸው ነው። ነገር ግን የገዙት ቤቱንና ግቢውን ነው። መንገዱን፣ የውሃ ማጣሪያውን፣ ትምህርት ቤቱን ለብቻቸው አልገዙም። ጎረቤት የመምረጥ መብትም በሽያጭ ውሉ ውስጥ አልተካተተም። ደግሞስ መልፋት የባለቤቶቹ ብቻ ነው እንዴ? ቢሮአቸውን የምታጸዳው፣ እናታቸውን የምታስታምመው፣ ጣሪያቸውን የሚጠግነው ሰው አይለፋም?

አሁን ጸሐፊው አብዝተው ወደ ተጨነቁበት ነጥብ ልምጣ። አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ሲመጡ የቤት ዋጋ ይወድቃል፣ ወንጀል ይበዛል ይላሉ። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነውና አላጣጥለውም። ነገር ግን ይህ በግምት ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ተሞክሮ ታይቷል። በኒው ጀርሲ፣ ከፊላደልፊያ ወንዝ ማዶ፣ ማውንት ሎረል የምትባል አካባቢ አለች። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የእርሻ መሬት ነበረች። ለብዙ ትውልድ በዚያ የኖሩ ጥቁር ቤተሰቦችም ነበሩባት። በ1960ዎቹ መንገዱ ሲመጣ ሰፋፊ ቪላዎች በየሜዳው መብቀል ጀመሩ። የነባሮቹ ቤተሰቦች ቤቶች ግን ፈራርሰው ነበር፤ አንዳንዶቹም የዶሮ ቤት የነበሩና ወደ መኖሪያ የተቀየሩ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ እነዚህን ቤቶች ለመኖሪያ የማይበቁ እያለ ያፈርስ ጀመር። ነዋሪዎቹ 36 አነስተኛ አፓርታማዎች እንዲፈቀዱላቸው ጠየቁ። መልሱ እምቢ ሆነ፤ የመሬት ደንቡ አፓርታማ አያስገባም ነበር።

ከከሳሾቹ ግንባር ቀደሟ ኤተል ሎውረንስ ነበሩ፤ ቤተሰባቸው ለትውልዶች የኖረበትን ስፍራ ልጆቻቸው እንዲለቁ የተገደዱባቸው እናት። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 በማደግ ላይ ያለ ማንኛውም ማዘጋጃ ቤት የክልሉን የአነስተኛ ገቢ ቤት ፍላጎት ድርሻውን የመቀበል ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ማዘጋጃ ቤቱ ለማስመሰል ያህል ጥቂት መሬት አመልክቶ ተቀመጠ። ፍርድ ቤቱ በ1983 በጠነከረ ቃል ተመለሰበት። እንዲህ እየተባለ ኤተል ሎውረንስ በ1994 አረፉ፤ በስማቸው የተጠሩት ቤቶች የመጀመሪያዎቹን ተከራዮች የተቀበሉት በ2000 መገባደጃ ገደማ ነው። ክሱ ከተመሠረተ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊጠጋ ነበር። አንድ ልጅ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ራሱ ልጅ ይወልዳል። የመብት መዘግየት ምን ያህል ሰው እንደሚበላ በዚህ መገመት ይቻላል።

ታዲያ 140ዎቹ ቤቶች ተሠርተው ሲያልቁ ምን ሆነ? የፕሪንስተኑ የሥነ ኅብረተሰብ ምሁር ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቻቸው ማውንት ሎረልን በሁኔታዋ ከሚመስሏት አጎራባች የዳርቻ አካባቢዎች ጋር አነጻጸሩ። በስብሰባዎች ላይ በቁጣ የተነገረው ጥፋት አልደረሰም። በወንጀልም፣ በቤት ዋጋም፣ በግብርም ከጎረቤቶቿ የተለየ ለውጥ አልታየባትም። በአቅራቢያው ከሚኖሩት መካከል ጥቂት የማይባሉት እንዲህ ያለ የመኖሪያ መንደር መኖሩን ጭራሽ አያውቁም ነበር። የገቡት ቤተሰቦች ደግሞ አመልክተው ገና ተራ ከሚጠብቁት ጋር ሲነጻጸሩ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨምሯል፣ ጭንቀታቸው ቀንሷል፣ ልጆቻቸው በተሻሉ ትምህርት ቤቶች ገብተው ለጥናት ብዙ ሰዓት የሚሰጡ ሆነዋል።

ጸሐፊው በሌላ ቦታ የከሸፉ የመንግሥት ቤቶችን ይጠቅሱብኝ ይሆናል። ልክ ናቸው፤ አሉ። በሴንት ሉዊስ የነበረው ፕሩት አይጎ 33 ባለ 11 ፎቅ ሕንፃዎች ነበሩት፤ መፍረስ የጀመረው በ1972 ነው። ግን ከዚያ የሚወጣው ትምህርት ምንድን ነው? ድሃን በአንድ ቦታ አጉሮ፣ የጥገና ገንዘብ ነፍጎ፣ ከሥራና ከጥሩ ትምህርት ቤት አርቆ ማስቀመጥ ይከሽፋል። በማውንት ሎረል የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ቁጥሩ መጠነኛ፣ አስተዳደሩ ጠንቃቃ፣ ቦታው ዕድል ባለበት። ፕሩት አይጎን እንደ ማስረጃ ካቀረብን የሚመሰክረው ለእኔ ክርክር ነው።

አገልግሎቱ በጊዜው ይመጣል የሚለው ነጥብ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ዓይነት ተስፋ ነው። በሜክሲኮ የሠራተኞች የቤት ብድር ፈንድ ከ2000 ወዲህ ብድሩን በሰፊው ለቀቀ። አልሚዎች ርካሽ መሬት ፍለጋ ከከተሞች እጅግ ርቀው ወጡ፤ አንድ ዓይነት ትንንሽ ቤቶችን በረድፍ በረድፍ ደረደሩ። በቁጥር ካየነው ትልቅ ስኬት ነበር። ሰዎቹ ግን ቁልፋቸውን ከተረከቡ በኋላ ሥራቸው የሰዓታት መንገድ እንደሚርቅ፣ የደመወዛቸው ትልቅ ክፍል በመጓጓዣ እንደሚያልቅ፣ ውሃና ትምህርት ቤትም በበቂ እንዳልደረሰ አዩ። ብዙዎቹ ዕዳ ያለበትን ቤት ዘግተው ወደ ዘመድ ተመለሱ። የ2010 የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገሪቱ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ባዶ ቤቶችን መዘገበ። ሁሉም የዳርቻ ቤቶች አልነበሩም፤ ነገር ግን መንግሥት በ2013 የቤት ድጎማውን ሥራና አገልግሎት ወዳለበት አካባቢ እንዲያዘነብል ያስገደደው ይኸው ችግር ነው።

አውቶቡስ ካልመጣ ምን ይሆናል ለሚለው የአትላንታን ደቡባዊ ዳርቻ፣ ክሌይተን ካውንቲን ልጥቀስ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው)። በዓለም እጅግ ከሚጨናነቁት የአውሮፕላን ማረፊያዎች የአንዱ አብዛኛው ክፍል በዚያ ነው። ካውንቲው በጀት አጠረኝ ብሎ በመጋቢት 2010 የአውቶቡስ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ አቆመ። የክልሉ አውቶቡስ ወደዚያ የገባው በ2015 ነው፤ ያውም ነዋሪዎቹ በ2014 ሕዝበ ውሳኔ ተጨማሪ ግብር ለመክፈል ራሳቸው ከተስማሙ በኋላ። በመካከል ያሉትን አምስት ዓመታት መኪና የሌለው ሰው እንዴት አለፋቸው? ሻንጣ የሚጭነው፣ ወለል የሚወለውለው፣ በፈረቃ የሚገባው ሰው ሥራውን እንዴት ያዘ?

ይህን ጥያቄ ቀረብ ብለን እንየው። በአንድ የዳርቻ ሰፈር አረጋውያንን የምታስታምም ሴት ፈረቃዋ እኩለ ሌሊት ሊቃረብ ሲል ያበቃል። የመጨረሻው አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በፊት ሄዷል። መንገዱ ለመኪና የተሠራ ነው፤ የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ መብራቱም በመስቀለኛው ብቻ ነው። እዚያው አጠገብ ቤት ተከራይታ እንዳትኖር ደንቡ አፓርታማ አይፈቅድም። የሥራ ባልደረባዋን መኪና ትጠብቃለች፤ ባልደረባዋ የታመመ ቀን ደመወዟን ወይም ሥራዋን ታጣለች። በካርታው ላይ ግን ይህች ሴት ሥራ አላት፣ ቤትም አላት፣ አውቶቡስም አለ ተብሎ ይቆጠራል። ሦስቱ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ካልተገናኙ ምን ይጠቅሟታል?

ትምህርት ቤትም በጊዜ ብዛት ብቻ አይስተካከልም፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ነው ወሳኙ። በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የነበሩ ወላጆች በ1968 ክስ መሠረቱ። ኤጅዉድ የተባለው ድሃ የትምህርት ወረዳ በእያንዳንዱ 100 ዶላር የንብረት ግምት ላይ 1.05 ዶላር ግብር ጥሎ ከአካባቢው ለአንድ ተማሪ የሚያገኘው 26 ዶላር ነበር። ከከተማው ተለይታ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ባለጸጋዋ አላሞ ሃይትስ ደግሞ 0.85 ዶላር ብቻ ጥላ ለአንድ ተማሪ 333 ዶላር ታገኝ ነበር። ድሃው አብልጦ ይከፍላል፣ ልጁ ግን ያነሰ ያገኛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ይህ ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ጋር አይጋጭም አለ። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱን ለማጥበብ የታገሉት የየግዛቱ ፍርድ ቤቶችና ምክር ቤቶች ናቸው። እንግዲህ ጸሐፊው «በጊዜው ይመጣል» ሲሉ ለማን ነው የሚመጣው? ግብር የሚሰበሰብበት ውድ ቤት ላለው ሰፈር በእርግጥ ይመጣል።

ድሃው በመሐል ከተማ ይሻለዋል የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል። በአሜሪካ ከድህነት መስመር በታች የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር በዳርቻዎች ከዋና ከተሞቹ የበለጠው ከ2000 በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ነው። መሐል ከተማው ሲወደድ ኪራይ የገፋው ሰው ወዴት ይሂድ? ወደ ዳርቻ ነው የሚሄደው፤ ግን ወደ አረጁትና ገቢያቸው ወደ ነጠፈ ዳርቻዎች። በሴንት ሉዊስ ዳርቻ ያለችው ፈርጉሰን በ2014 ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት ገድሎባት በዓለም ዜና ስትናወጥ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ያካሄደው ምርመራ በ2015 ይፋ ሆነ። ምርመራው ያገኘው ፖሊሱና የከተማዋ ፍርድ ቤት ከጥበቃ ይልቅ ለማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ሰብሳቢ ሆነው ነዋሪውን በቅጣት ላይ ቅጣት ሲደራርቡበት እንደነበር ነው። ስለዚህ ድሃው ወደ ዳርቻ ይምጣ ወይስ አይምጣ የሚለው ክርክር አብቅቷል፤ መጥቷል። የቀረው ጥያቄ የትኛው ዳርቻ ይከፈትለታል የሚለው ነው።

የትኛው ዳርቻ የሚለው ደግሞ ለልጆች የሕይወት ጉዳይ ነው። ከ1994 እስከ 1998 የአሜሪካ መንግሥት በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ወደ 4,600 የሚጠጉ ቤተሰቦችን በዕጣ መደባቸው። አንደኛው ወገን ድህነት ዝቅተኛ ወደሆነበት ሰፈር ለመዛወር ብቻ የሚያገለግል የኪራይ ድጎማ ተሰጠው። የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ብዙዎችን ተስፋ አስቆርጠው ነበር፤ የአዋቂዎቹ ገቢ ከፍ አላለም። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ግን ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎውረንስ ካትዝ በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር ታየ። ዕድሜያቸው 13 ሳይሞላ የተዛወሩት ልጆች ሃያዎቹን አጋማሽ ሲደርሱ ገቢያቸው ካልተዛወሩት በ31 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከ13 ዓመት በኋላ የተዛወሩት ላይ ይህ ጥቅም አልታየም፤ እንዲያውም መፈናቀሉ ጥቂት ሳይጎዳቸው አልቀረም። ይህን ሁለተኛውን ውጤት መደበቅ አልፈልግም፤ ለክርክሬ ከመጀመሪያው የበለጠ ጉልበት የሚሰጠው እርሱ ነው። ጸሐፊው ገበያውን ጠብቁ ሲሉ እያንዳንዱ የጥበቃ ዓመት ከልጅነት ላይ የሚቀነስ ነው፤ ያለፈው ዓመትም በኋላ በሚመጣ ድጎማ አይመለስም።

የነዋሪውን መብት በተመለከተ በከፊል እስማማለሁ። ጎርፍ ወዴት እንደሚፈስ፣ የትኛው መገናኛ እንደሚጨናነቅ፣ የትኛው ዛፍ ጥላ እንደሚሰጥ የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ነው። ይህን የማይሰማ ዕቅድ አውጪ አገር ያበላሻል። ነገር ግን በአዳራሹ ውስጥ ያለው ማን ነው? የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ማሳቹሴትስ የሚገኙ ከተሞችን የግንባታ ፈቃድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች ሰብስበው የተናጋሪዎቹን ማንነት ከመራጮች መዝገብ ጋር አስተያዩ። ተናጋሪዎቹ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ የቤት ባለቤቶችና ወንዶች ሆነው ተገኙ፤ አብዛኞቹም አዲሱን ግንባታ የሚቃወሙ ነበሩ። ቤቱ ቢሠራ ኖሮ የሚገባበት ሰው በስብሰባው ላይ የለም፤ ገና አድራሻ የለውማ። በፈረቃ ላይ ያለው ሰውም የለም። የነዋሪው ድምፅ የምንለው የእነዚህ ሰዎች ድምፅ ሲቀነስበት የቀረውን ነው።

የአንድ ሰፈር ውሳኔ ሰፈሩ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ባልከፋ። የአትላንታዋ ግዊኔት ካውንቲ በ1971 የክልሉን የሕዝብ መጓጓዣ አልቀላቀልም ብላ ድምፅ ስትሰጥ ወደ 72,000 ሰዎች ይኖሩባት ነበር። በ2020 ነዋሪዎቿ ወደ 957,000 ደርሰዋል። በ2019ም በ2020ም የመስፋፋት ዕቅዱ በድምፅ ወደቀ፤ ሁለተኛው የወደቀው በጥቂት ድምፅ ነው። በ1971 ድምፅ የሰጡት ሰዎች ገና ስላልተወለዱ መቶ ሺዎች ጭምር ወሰኑ።

ፈረንሳይ ለዚህ ሕግ አበጅታለች። በታኅሣሥ 2000 የወጣው ሕግ በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ከመኖሪያ ቤቶቻቸው 20 በመቶው የማኅበራዊ ኪራይ ቤት እንዲሆን አዘዘ፤ በ2013 ለብዙዎቹ ወደ 25 በመቶ ከፍ አለ። ያላሟላ ይቀጣል። ቤት ከመሥራት ቅጣቱን መክፈል የመረጡ ባለጸጋ ዳርቻዎች መኖራቸውም እውነት ነው። ሕጉ ግን ነዋሪውን አፉን አላስያዘውም። የትና እንዴት ይሠራ የሚለውን ለእርሱ ትቶ፣ ጭራሽ አይሠራ የማለትን ሥልጣን ወሰነበት። እኔ የምጠይቀውም ከዚህ አያልፍም።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ልለፍ፤ ብዙ ቤት ይገንባ። ይገንባ! በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ በ2016 ባጸደቀችው ዕቅድ ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ ያህሉ ላይ ከበፊቱ የበለጠ ቤት እንዲሠራ ፈቀደች። በተከታዮቹ ዓመታት የግንባታ ፈቃድ በክብረ ወሰን ጨመረ፤ ቀድሞ አንድ ቤት በነበረበት ግቢ ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች በዙ። ይህ የሆነው ግን ደንቡ ስለተለወጠ ነው። ጸሐፊው ግንባታ ይብዛ ብለው ግንባታን የሚያግደውን ደንብ በነዋሪው መብት ስም ሲከላከሉ፣ የጽሑፋቸው መጀመሪያና መጨረሻ እርስ በርሱ ይጣላል።

ደንብ ተለውጦም ቢሆን ገበያው ብቻውን የማይደርስላቸው ሰዎች አሉ። አልሚው አዲስ ቤት ሲሠራ የሚያስበው መክፈል የሚችለውን ነው፤ በዚህ አልወቅሰውም። ከዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ይህን ቀድማ ስለተረዳች በ1974 ሕግ አወጣች። 50 ወይም ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ አልሚ የተወሰነውን እጅ፣ በኋላ ከ12.5 እስከ 15 በመቶ የሆነውን፣ በመጠነኛ ዋጋ እንዲያቀርብ ታዘዘ። በምትኩ በዚያው መሬት ላይ ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ቤት እንዲሠራ ተፈቀደለት። የካውንቲው የቤቶች ተቋም ደግሞ ከእነዚህ ቤቶች ከፊሉን እየገዛ በጣም አነስተኛ ገቢ ላላቸው ያከራያል። ድሃው የሚኖረው በተለየ መንደር ሳይሆን በዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው የትምህርት ቤት ክልል ውስጥ ነው።

ሄዘር ሽዋርትዝ በ2010 ያወጡት ጥናት የእነዚህን ቤተሰቦች ልጆች ተከታትሏል። ካውንቲው ድሃ ተማሪ ለሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ ይመድብ ነበር፤ የክፍል ተማሪ ቁጥር ይቀንስላቸው፣ መምህራንን ያሠለጥንላቸው ነበር። ሆኖም በሒሳብ የላቁት ተጨማሪውን ገንዘብ ባገኙት ትምህርት ቤቶች የተማሩት ሳይሆኑ፣ ቤታቸው የተሻለ ኑሮ ባለው ሰፈር በመሆኑ ከዚያ ሰፈር ልጆች ጋር በአንድ ክፍል የተቀመጡት ናቸው። ቤተሰቦቹ ወደየቤቱ የተመደቡት በዕጣ በመሆኑ፣ ብርቱዎቹ ቤተሰቦች መርጠው ገብተው ይሆናል የሚለው ጥርጣሬም አይሠራም።

የሞንትጎመሪ ሕግ እንከን አልነበረበትም አልልም። ሲጀመር የዋጋ ገደቡ የሚጸናው ለ5 ዓመት ብቻ ነበር። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ቤቱ በገበያ ዋጋ ይሸጣል፤ ካውንቲው በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው ያጣል። ቆይቶ ወደ 10 ዓመት ተራዘመ፤ በ2005 ደግሞ ለሚሸጡት 30፣ ለሚከራዩት 99 ዓመት ሆነ። እስከዚያ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ከእጅ ወጥተዋል። ዛሬ ተመሳሳይ ደንብ የሚያረቅቅ ማዘጋጃ ቤት ካለ 99ኙን ዓመት ከመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ይጻፈው፤ የአውቶቡሱን መስመርና የትምህርት ቤቱን ቦታም የመጀመሪያው የግንባታ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት በዚያው ሰነድ ላይ ያስፍር።